ሜዳ ላይ መቅረት

ሐሙስ ማታ ነጭ ቀለም በጠበጥኩ፣
ጋሪዬን እየገፋሁ መቶ ያርድ አሰመርኩ፤
ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ውልፍት አይልም የእኔ መስመር።
ዓርብ ገና ሳይነጋ ነርሷ ሎሬታ
ሰባ ስምንት አፍንጫ በጥጥ ነካክታ
ወረቀቷን አየች፤ ቀና አለች፤
"ዘጠኝ" አለች።
ከዘጠኙ አንዱ ኳስ ወርዋሪው ነበር፣ ዳሪየስ፣
ትኩሳት የሌለው፣ የማያስነጥስ።
ስልክ ተደወለ። ጨዋታው ተሰረዘ።
ቀለሙ ገና አልደረቀም።

እንዲህ ነበር መኸሩ በካልደር ከተማ፣ ኦሃዮ፦
አንድ ቅዳሜ ጨዋታ፣ ሁለት ቅዳሜ ጸጥታ።
የሚቺጋኖቹ አውቶቡስ ከመንገድ ተመለሰ፣
ኢሊኖይ ሄደን የምንገጥማቸው በራቸውን ዘጉ፤
በእነሱ ፈንታ ማክሰኞ ተጠርቶ ለቅዳሜ የደረሰ፣
ስሙን ሰምተን የማናውቅ ቡድን ከኬንታኪ መጣ።
አርባ ሁለት ለሰባት ሸኘነው፣
ደስታችንንም ከማስካችን ኋላ ዋጥነው።

ተመልካቹ ካርቶን ነው።
በስልሳ ዶላር ፎቶህን ትልካለህ፣
አሳትመው ወንበርህ ላይ ያስሩሃል፤
አትጮህ፣ አትስል፣
ዝናብ ካልመታህ በቀር አትታመም።
አስራ አራተኛው ረድፍ ላይ ዴልበርት ሃስኬት አለ፣
ቀይ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣
እንደ ልማዱ ዳኛ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ።
በጥቅምት፣ ሆስፒታል፣ ሰው ሳይጠጋው ሞተ።
ካርቶኑ ከዚያ ወዲህ ሦስት ድል አይቷል።
ሚስቱ ዊልማ ደውላ፣ "እንዳታነሳው" አለችኝ፤
"እስኪያልቅ ይቆይ።
ሰውዬው ጨዋታ አቋርጦ ወጥቶ አያውቅም።"

በታኅሣሥ፣ እሑድ ቀን፣ ቴክሳስ ካለ ሆቴል
አስራ ሦስት ሰው ተቀመጠ አራት ቡድን ሊነጥል።
ልጆቹ በጂምናዚየሙ ወለል፣ ርቀት ጠብቀው፣
እንደ ተበተነ ጠጠር፣ ዐይናቸው ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ።
አንደኛው ተጠራ። ሁለተኛው። ሦስተኛው።
ከአራተኛው በፊት ማስታወቂያ ገባ፤ የመኪና ጎማ።
ከዚያ የሌላ ሰው ስም።

"በዐይናችን መዝነናቸዋል፣" አሉ ሊቀመንበሯ፣ "ጠንካራ ናቸው፤
ስድስት ጨዋታ ግን ጥቂት ነው፣ ማስረጃ አነሳቸው።"
እኛ ስድስት ገጥመን ስድስት፤ አራተኛ የገባው
አስራ አንድ ገጥሞ ሁለቴ ነው የተረታው።
እሱ ለመሸነፍ እንኳ ጊዜ አግኝቷል።
ያልተጫወትነው ምን ይመዝን ኖሯል?
እነሱ እንደ ጉድለት ጻፉት፤
ሎሬታ እንደ ጤና፤
እኔ በቀለም ባልዲ ቆጠርኩት፦
ሰባት ጊዜ ሜዳ አስምሬ
በሦስቱ ላይ የሮጠው ዝናብ ብቻ ነው።

ያስቆጠረ ሁሉ አይቆጠርም ለካ።
ሜዳ ላይ ቀረን እንዳንል
ሜዳ ላይ የቀረ ሜዳ አለው፤
እኛ የቀረነው ከሜዳው ነው።

ዳሪየስ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብቻውን
ወደ አጥሩ ይወረውራል። ኳሷ ትመለሳለች።
ይወረውራል።
አላናገርኩትም። ምን ልበለው?
ሽቦዎቹን በጉጠት ፈታሁ፣
ዴልበርትን ከጭነት መኪናዬ ፊት፣ ከጎኔ አስቀመጥኩት፤
ቀበቶም አሰርኩለት፣ ነፋስ እንዳይጥለው።

ዊልማ በሩን ከፍታ ሁለት እርምጃ ሸሸች።
ኮፍያውን አየች፤ ዝናብ ያበጠውን ጉንጩን አየች።
"ተመረጥን?"
"አልተሸነፍንም" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች።
ከዚያ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች፣
ካርቶኑን በብብቷ አቅፋ፣
በረንዳው ላይ ቆማ፣ ወደ ቴክሳስ ዞራ፣
(በእውነቱ ሰሜን ነበር፣ አላረምኳትም)
ጎረቤት መጋረጃ እስኪገልጥ ድረስ
አስራ ሦስቱንም ዳኞች
አንድ በአንድ፣ በእሱ ድምፅ ሰደበቻቸው።